ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ኩሬ

ጡረታ በወጣሁ ቀን ንብረት የተረከበኝ ሠራተኛ ጠንቃቃ ሰው ነው። ማይክሮስኮፑን አየ፣ ምልክት አደረገ። የማሞቂያ ምድጃውን አየ፣ ምልክት አደረገ። ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ የእኔን እርጎ አገኘ፣ አፍሮ ዘጋው። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያለው ጠርሙስ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። ከታች ጥቁር ጭቃ የተኛበት፣ ከጭቃው በላይ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ የመሰለ ነገር የሞላው አሮጌ የማር ጠርሙስ ነው።

“እትዬ ዘሀራ፣ ይኼ ምንድነው?”

“ቤተሰብ ነው።”

“የማን ቤተሰብ?”

“ክሮማቲያሴ ይባላሉ።”

“የውጭ ዜጎች ናቸው?”

“የጨፋ ተወላጆች ናቸው” አልኩት።

አላመነኝም፤ ክዳኑን ከፈተ። እንዳይከፍት ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ “አዑዙ ቢላህ!” ብሎ በር ላይ ደርሶ ነበር። ከኮሪደሩ ሆኖ ፍርዱን ሰጠ። ንብረት ሆኖ አልተመዘገበም፣ ስለዚህ የመንግሥት አይደለም፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ይዤው ልሂድ። ባልደረቦቼ ጋቢና ፔርሙስ ሸለሙኝ፤ ንግግርም ተደረገ። እኔ ግን ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ጠርሙሱን ነው። የዚህ ጠርሙስ እናት፣ ዘሩ የተወሰደበት የመጀመሪያው ጠርሙስ፣ በአንድ ወቅት ጨፋ ላይ የሰው ሰርግ ልታስቀር ደርሳ ነበር። ስለ ሥራ ዘመኔ አጫውቺን ለሚሉኝ ሁሉ የምነግራቸው እሷን ነው፤ ሌላው ትዝታዬ በአብዛኛው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል።

ሥራዬ የውሃ ጥራት ምርመራ ነበር። ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ቦኖ፣ ኩሬ እየዞርኩ ናሙና እቀዳለሁ፣ እመረምራለሁ፣ “ይጠጣ” ወይም “አይጠጣ” እላለሁ። “አይጠጣ” ያልኩትን ሰው ይጠጣዋል፤ “ይጠጣ” ያልኩትን ደግሞ “ይኼ የመንግሥት ውሃ ሻይ ያበላሻል” ብሎ ይተወዋል። መጀመሪያ የተመደብኩት ባቲ ነበር። እዚያ በገበያ ቀን ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ቦኖው ዙሪያ ግመሉም ሰዉም ስለሚሰለፍ ናሙና ለመቅዳት ተራ እጠብቃለሁ። አንዲት የአፋር ሴት “አንቺ ጤነኛ ነሽ? ይኼን ሁሉ መንገድ መጥተሽ የምትወስጂው ይቺን ታህል ውሃ ነው?” ብላ አዝናልኝ የራሷን እንስራ ሞልታ ልትሰጠኝ ነበር። የመስክ አበሉ የባጃጅና የሻይ ነው፤ እሱን እንተወው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ኮምቦልቻ በነበረው ላቦራቶሪ የነበሩት ጋሽ መኮንን ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልድ ሲናገሩ ፊታቸው የማይፈታ የደሴ ሰው። ጋሽ መኮንን ናሙና ሲቀዱ ያየ ሰው ሶላት የሚሰግዱ ይመስለዋል። እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ይሰበስባሉ፣ ጠርሙሱን ከነክዳኑ ውሃ ውስጥ ያጠልቃሉ፣ እዚያው ውስጥ ይከፍቱታል፣ እዚያው ውስጥ ይዘጉታል። ከዚያ ይገለብጡትና ወደ ፀሐይ አንሥተው አረፋ ይፈልጋሉ። የጤፍ ፍሬ የምታህል አረፋ ካዩ ደፍተው እንደገና ይጀምራሉ። “አየር የገባበት ናሙና ቃሉን ይቀይራል” ይላሉ። ሁለተኛው ልማዳቸው ማሽተት ነው። “መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ በመጨረሻ አፍ” ይሉኛል፤ አፍ ማለታቸው ለመናገር እንጂ ለመቅመስ አይደለም። አንድ ተለማማጅ ይህን ሳይረዳ ቀምሶ ሆስፒታል ሄዷል።

ሦስተኛው ልማዳቸው መስኮታቸው ላይ የደረደሯቸው ጠርሙሶች ናቸው። ጠዋት ሻያቸውን ጠጥተው እንደጨረሱ እያንዳንዱን ጠርሙስ ቀስ አድርገው ትንሽ ያዞሩታል፣ ሌላው ጎኑም ብርሃን እንዲያገኝ። እያዞሩም “እንዴት አደራችሁ?” ይላሉ። ክሮማቲያሴ የሚባለውን ቤተሰብ ያስተዋወቁኝ እዚያ ነው፤ ጋሽ መኮንን በአማርኛ “ሐምራዊ የድኝ ባክቴሪያዎች” ይሏቸዋል። ጎረቤቱን እንደሚያማ ሰው ነበር የሚያስረዱኝ።

“እነዚህ እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ናቸው። ግን ቅጠል ለሰው የሚሆን አየር ይለቃል፤ እነሱ ለማንም ምንም አይለቁም። እንዲያውም ያ ለእኛ ነፍስ የሆነው ኦክስጅን ለእነሱ ጠላታቸው ነው፣ ይሸሹታል። የሚወዱት ያን የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ነው። ጋዙ ከጭቃው ከታች ይመጣል፣ ብርሃኑ ከላይ ይመጣል። ስለዚህ ኑሯቸው ሁልጊዜ በሁለቱ መሐል ነው፤ ከሁለት አንዱ ከቀረ የሉም።” ከዚያ ማይክሮስኮፑን ያስተካክሉልኛል። “ሆዳቸው ውስጥ የሚያብረቀርቀውን ፍሬ አየሽው? ድኝ ነው። ጋዙን በልተው ድኙን እንደ ጎተራ ያከማቹታል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ይበሉታል። ዘመዶቻቸው የሆነ ሌላ ቤተሰብ አለ፤ እነዚያ ድኙን ከደጅ ነው የሚጥሉት።” ይህን ሲሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። “አባካኞች!”

እኔ የጨፋ ሮቢት ልጅ ስለሆንኩ በኋላ ወደ ከሚሴ ስዛወር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እዚያ የጠበቀኝ ኃላፊ ግን የዓለም ችግር ሁሉ ወይ ክሎሪን ያነሰው ወይ ክሎሪን የበዛበት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። አንድ የበጋ ቀን ቢሮዬ መጣና “ዘሀራ፣ ጨፋ ላይ አንድ ኩሬ ደም ሆኗል አሉ። ክሎሪን ይዘሽ ሂጂ” አለኝ። ደም ከሆነ ክሎሪን ምን እንደሚያደርግለት አልጠየቅኩም፤ ከአለቃ ጋር ክርክር ትርፉ ድካም ነው።

በጋ ላይ የጨፋ ረግረግ ከየአቅጣጫው በመጣ ከብት ይሞላል። ኩሬው ከአንድ ሞቅ ያለ ምንጭ ሥር፣ በሁለት ጎረቤታሞች ማሳ መሐል ያለ ነው። ከብቱ ሲረግጠው፣ እበቱ ሲበሰብስበት ውሎ አድሮ ውሃው ቀልቷል። ሽታው ከሩቅ ተቀበለኝ። መጀመሪያ አፍንጫ! ደስ አለኝ፤ ያን ሁሉ ዘመን በጠርሙስ ያየሁት ቤተሰብ አንድ ሙሉ ኩሬ ይዞ ተቀምጧል። ደስታዬ ግን ዳር ላይ ከተሰበሰበው ሰው ጋር አልሄደም። ከመሐላቸው አንዱ፣ እኩያዬ የሆነው ሙሔ፣ ሽርጡን እየሰበሰበ ሮጦ መጣ። ሙሔን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ድምፁ ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው።

“አካም ዘሀራ፣ ነጋያ? በይ ኢላሊ፣ እይልኝ! ዲጋ ነው! የወይኖዬ ደም ነው!”

ወይኖ ባለፈው በጋ የጠፋበት የእርሻ በሬው ነው። ሙሔ ያኔውኑ ጎረቤቱን አህመድን ጠርጥሮ ነበር፣ ግን ማስረጃ አልነበረውም። አሁን ምድር ራሷ መሰከረችለት። እሱ እንደሚለው አህመድ አርዶ ሬሳውን ኩሬው ውስጥ ቀብሮታል፤ ዓመት ሲሞላው ደሙ ወጣ። አህመድ ትንሽ ራቅ ብሎ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። አህመድ ደግሞ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። “ወላሂ አልነካሁትም” አለ፤ ሌላ አልጨመረም። እንዲህ በአጭሩ መናገሩ ደግሞ ሌባ አስመሰለው።

ነገሩ በበሬ ቢቀር ጥሩ ነበር። የሙሔ ልጅ ሰይድና የአህመድ ልጅ ፋጡማ ታጭተዋል፤ ኒካው ሊታሰር ተቃርቧል። ሙሔ በሕዝብ ፊት “የሌባ ልጅ ቤቴ አትገባም!” ብሎ ጮኸ።

“ሙሔ ወንድሜ፣ ደም ቢሆን እኮ ይረጋ ነበር” አልኩት።

“የወይኖ ደም ነው እኮ! እሱ በሕይወቱም ረግቶ አያውቅም!”

ናሙናውን እንደ ጋሽ መኮንን እስከ ክንዴ ነክሬ ቀዳሁ። ከሚሴ አምጥቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው ራሳቸው ናቸው፤ ሆዳቸው በድኝ ፍሬ የሚያብረቀርቅ፣ እየተሽከረከሩ የሚዋኙ። ሙሔን ቢሮ ድረስ ጠራሁት። መጀመሪያ ሁለቱንም ዓይኑን ጨፍኖ “ጨለማ ነው” አለኝ። አንዱን ዓይን አስከፈትኩት። አየ፣ እንደገና አየ።

“ታዲያ” አለኝ ቀና ብሎ፣ “ዓመት የቆየ ደም አይተላም?”

በአጉሊ መነጽር ማስረዳት ከዚህ አላለፈም። ነገሩን የያዙት የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ “ዘሀራ ልጄ፣ አንቺ ያየሽውን ሕዝቡ አላየም። ሕዝብ በዓይኑ የሚያየው ነገር አምጪ” አሉኝ። ለጋሽ መኮንን ስልክ ደወልኩ። ያኔ ጡረታ ወጥተው ደሴ ቤታቸው ነበሩ።

“በጣም ቀላል ነው” አሉኝ። “ከሌላ ቦታ፣ ያ በሬ ረግጦት ከማያውቅ ረግረግ ጭቃ ውሰጂ። ጭድ ጨምሪበት፣ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ፈርፍሪበት፣ ውሃውን እስከ አፉ ሙይና ክደኚው። ከሳምንታት በኋላ በሬ ሳይታረድ ጠርሙሱ ከቀላ፣ ደም ነው የሚል ሰው አፉን ይይዛል።”

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ሙሔ ግን “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” በሚለው ተረት የሚኖር ሰው ነው። ጭቃው የሚወሰድበትን ቦታ እሱ መረጠ፤ ግራጫ ጭቃ፣ ጠራ ያለ ውሃ። ጭዱን እሱ አመጣ። እንቁላሉ ከእሱ ዶሮ ካልሆነ ብሎ ተሟገተ፤ ዶሮዋ ወደ አህመድ ግቢ አልፎ አልፎ እንደምትሄድ ሲነገረው ሌላ ዶሮ መረጠ። ሁሉም ባለበት ሞልቼ ከደንኩት። አሁን ጠርሙሱን ማን ይጠብቅ? በዚህ ላይ ክርክር አልተነሣም። ሼህ እንድሪስ የአገሩ ሁሉ አደራ የሚቀመጥባቸው ሰው ናቸው። ሐጅ የሄደ ሰው ወርቁን፣ የተጣላ ሰው ሰነዱን እሳቸው ጋ ያስቀምጣል፤ አንድም ቀን የጎደለ ነገር የለም።

“አደራ ሼህ፣ በደንብ ይጠብቁልኝ” አልኩ።

“አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ” አሉኝ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። እፎይ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በቀጠሮው ቀን ዛፉ ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። ዱዓ ተደረገ። እኔ አዲስ ሻሽ አስሬ ነበር፣ የማሸንፍ መስሎኝ። ሼህ እንድሪስ ከኋላቸው ሁለት ጎልማሶች አንድ የብረት ሳጥን ተሸክመው መጡ። ሳጥኑን ሳይ ብድግ አልኩ። ሼህ ከአንገታቸው ቁልፍ አወጡ፣ ከፈቱት። ከሳጥኑ ብርድ ልብስ ወጣ። ከብርድ ልብሱ ጥቁር ፌስታል ወጣ። ከፌስታሉ ራሳቸው የሚጠመጥሙት ጥምጥም ወጣ። ከጥምጥሙ ውስጥ ጠርሙሱ ወጣ።

“እንኳን ሰው ዝንብ አላየውም!” አሉ በኩራት።

“ሼህ… ብርሃንስ?”

“የምን ብርሃን?”

ጭቃው እንደ ኩል ጠቁሯል፤ ከላይ ያለው ውሃ የእቃ እጣቢ መስሏል። ቀይ የሚባል ነገር የለም። ሼህ ሕዝቡ ከቅርብ እንዲያይ ብለው ክዳኑን ከፈቱት፤ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋለኛው ረድፍ ተዛወረ። ሙሔ አፍንጫውን በሽርጡ ይዞ፣ በዚያው አፍንጫው “ይኸው! እንቁላልና ጭድ ደም አይሆንም! ወይኖዬ ነው ደም የሆነው!” አለ። አህመድ ግን ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣኝም፣ አልወቀሰኝም፤ ዝም ብሎ አየኝና ዓይኑን መለሰ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሾፌሩ ግራ ቢገባው መንዙማውን ከፍ አደረገልኝ።

ሽማግሌዎቹ አህመድ በሚቀጥለው ጁምዓ ቁርአን ይዞ እንዲምል ወሰኑ። በማግስቱ ፋጡማ ከሚሴ ድረስ መጣች። ቢሮዬ ውስጥ ቆማ ነጠላዋን እያፍተለተለች እንዲህ አለችኝ።

“እቴ ዘሀራ፣ አባቴ ይምላል፣ ንጹሕ ነው። ግን ከማለ በኋላ እኔ ሰይድን አላገባም። አባቴን ያስማለ ሰው ቤት ገብቼ እንዴት ውሃ እቀዳለሁ?”

“ሰይድስ ምን ይላል?”

“ያለቅሳል” አለች፤ ከዚያ እሷም አለቀሰች።

ኃላፊያችን በመስኮት አይቶን ገባና ነገሩን ሰማ። አዘነ፤ ሰውየው ልቡ ክፉ አልነበረም። ትንሽ አሰበና “ኩሬው ላይ ክሎሪን ብንጨምርስ?” አለ።

ጋሽ መኮንን ጋ ስደውል ሳጥኑን፣ ብርድ ልብሱንና ጥምጥሙን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከወዲያ ማዶ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ሰማሁ። የተናደዱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ኖሯል። በማግስቱ በሚኒባስ ከደሴ መጡ። ወደ ኩሬው አልሄዱም፣ ወደ ሙሔም አልሄዱም። በቀጥታ ሼህ እንድሪስ ቤት ገብተው ትከሻቸውን ሳሟቸው።

“ሼህ፣ እርስዎ አደራዎን ጠብቀዋል” አሉ። “ጉድለቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው፤ ሳንነግርዎት ቀርተን ነው እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ነፍስ ያላቸው ናቸው። ምግባቸው ብርሃን ነው። ሰው በግ አደራ ቢሰጥዎት ሳጥን ውስጥ አይቆልፉትም መቼም።”

ሼህ እንድሪስ ፊታቸው ተለዋወጠ። “ያ ረቢ! አደራ የተቀበልኩትን ነፍስ አስርቤ ገደልኩት?”

“አልሞቱም። ይኼ ቤተሰብ ቻይ ነው። ጥቂቶቹ ጭቃው ውስጥ ተደብቀው ፀሐይዋን ይጠብቃሉ።”

ያን ጊዜ ሼህ ከኔ ማይክሮስኮፕ የበለጠ ሥራ ሠሩ። ሽማግሌዎቹን አስጠሩና “እኔ ያስራብኩት ነፍስ ሳይጠግብ እዚህ አገር መሐላ የለም። አደራው በእኔ እጅ ተበላሽቷል፤ እስኪስተካከል ጁምዓው ይቆይ” አሉ። እሳቸው እንዲህ ካሉ ማን ይከራከራል?

“አሁንስ ማን ይጠብቀው?” አለ አንዱ።

“የሚጠረጥረው ሰው ይጠብቀዋ!” አሉ ጋሽ መኮንን። “ዓይኑን የማይነቅል ሰው ነው የምንፈልገው።”

ያው ጠርሙስ ትንሽ ውሃ ተጨምሮበት እስከ አፉ ሞላና ሙሔ ግቢ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጠ። ሙሔ ማንም እንዳይነካው ከአሮጌ ሽርጡ ሰፊ ቅዳጅ ቀዶ በክዳኑ ላይ አሳልፎ በጠርሙሱ ሆድ ዙሪያ አሰረው፤ ቋጠሮውን እሱ ብቻ ያውቀዋል። ጋሽ መኮንን ሁለት ነገር አዘዙት። ቀትር ላይ እንዳይቀቀል ጥላ እንዲያደርግለት፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትንሽ እንዲያዞረው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠርሙሱን “እንዴት ዋላችሁ?” አሉት። ሙሔ እኔን አየኝ፤ እኔ ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሙሔ ራሱ ነው የሚያወራው። የጫት መቀመጫውን ካቡ ሥር አዛወረ። ሲሰግድ እንኳ ጠርሙሱ ከዓይኑ እንዳይወጣ ምንጣፉን ያጠጋል። ሚስቱ “ከተጋባን እንዲህ አብረኸኝ ተቀምጠህ አታውቅም” ብላ ኩርፊያ ጀመረች። መንገደኛው “ሙሔ፣ ልጅህ አደገ?” እያለ ያልፋል። ፍየል ቀርባ አሸተተችው፤ ደንግጣ ሸሸች፤ እሱም “እሷ እንኳ አልደፈረችውም” እያለ ለሮቢት ገበያተኛ ሲያወራ ዋለ። በየቀኑ ይደውልልኛል። “ምንም የለም ዘሀራ፣ አህመድን አስምሉት።” ቀጥሎ በነበሩት ሳምንታት ደግሞ “ምንም የለም፣ ግን ዛሬ በጣም ይሞቃል፣ ጥላውን ቀደም ላድርገው እንዴ?” ማለት አመጣ። አንድ ቀን ጭራሽ ስለ አህመድ ሳያነሣ ስልኩን ዘጋ።

አንድ ጠዋት ቢሮ ሳልገባ ስልኬ ጮኸ።

“ዘሀራ፣ ኮቱ! ቶሎ ነይ! ወላሂ ማንም አልነካውም! ወላሂ እኔም አልነካሁትም!”

አህመድ ኩሬው ዳር የተናገራትን ቃል ቃል በቃል እየደገማት ነበር፤ እሱ ግን አላስተዋለም።

ስደርስ ሼህ እንድሪስና ሽማግሌዎቹ ቀድመውኝ ካቡን ከበዋል። ከጥቁሩ ጭቃ በላይ ጠርሙሱ ቀይ ሥር መስሏል። ሙሔ ፊቱ አመድ ሆኗል። “እንቁላሉ የዶሮዬ ነው። ጭዱ የኔ ነው። ጭቃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዓይኔን አልነቀልኩም” ይላል ለሁሉም በየተራ። ቋጠሮውን ፍታው አልኩት። ፈታው፤ የሽርጡ ቅዳጅ ሲነሣ ከሥሩ አንድ ነጣ ያለ ቀበቶ ወጣ። ጨርቁ ፀሐይ የከለከለው ቦታ ላይ ጠርሙሱ አልቀላም፤ ብርሃን ያገኘው ቀልቷል። ሙሔ በጣቱ ያንን ነጭ መስመር ዞር ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ተከተለው።

“ሉቡ ቀባ” አለ በቀስታ። “ነፍስ አለው። ደም ነፍስ ከወጣ በኋላ ነው የሚፈስ። ይኼ ነፍስ አለው።”

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” አሉ ሼህ እንድሪስ።

“እያደር ይጠራል ሲባል ነው የሰማሁት ሼህ፣ እያደር ይቀላል ሲባል አልሰማሁም” አለ ሙሔ። ሳቁ ግን አልወጣለትም። ካቡ ላይ ተቀመጠ። “ምን ብዬ ነው አህመድን የማየው?” አለኝ። “ሰው መሐል ሌባ ብዬዋለሁ። በምን አፌ?”

በኋላ ዝናብ ሲጥል ኩሬው እንደሚጠራ፣ ወይኖንም ረግረጉ ሳይውጠው እንዳልቀረ ልነግረው እችል ነበር፤ የዋጠውን የማይተፋ ረግረግ ነው፣ በሬው እስከ ዛሬም አልተገኘም። ግን የጠየቀኝ ስለ ውሃ አልነበረም። ሙሔ ተነሣ። ጠርሙሱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ሽርጡ እየጠለፈው፣ በማሳው መሐል ወደ አህመድ ቤት መሄድ ጀመረ። እኛም ተከተልነው። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ተከተለን።

አህመድ በሩ ላይ ነበር፤ ሰዉን ሲያይ ለመሐላው የመጣን መስሎት ጫማውን አወለቀ። ያን ሳይ እንባዬ መጣ። ሙሔ ፊቱ ቆመ። ያ ድምፁ ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው አፉን ከፍቶ አንድ ቃል አጣ። ቀለም እንዳልሆነ ላሳይ ብሎ ይሁን ጭንቀት ይዞት ይሁን እንጃ፣ ክዳኑን ከፈተው፣ መልሶ ግን አልከደነውም። ከዚያ ጠርሙሱን ዘረጋለት።

“አህመድ… አደራ” አለው።

ሌባ ላለው ሰው አደራ መስጠቱ ነበር። ከዚህ ሌላ የይቅርታ ቋንቋ አላገኘም፤ እዚያ የነበርን ሁሉ ግን ሰማነው። አህመድ ጠርሙሱን አየ፣ ሙሔን አየ።

“የት ላስቀምጠው?” አለ።

“ፀሐይ በሚያየው ቦታ” አለ ሙሔ። “ሳጥን ውስጥ እንዳትከተው። ጠዋት ጠዋት ታዞረዋለህ። አህመድ፣ አፉ በለኝ።”

አህመድ ጠርሙሱን ተቀበለው። ፊቱ ሲጨማደድ አየሁት፤ የሚያለቅስ መሰለኝ።

“አፉ ብዬሃለሁ” አለ። “ብቻ በአላህ ክዳኑን ዝጋው፣ ገደልከን!”

ሼህ እንድሪስ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ማንም ማንንም አልጠበቀም። ሙሔ እየሳቀ እያለቀሰ ክዳኑን ፍለጋ ኪሱን ሲበረብር ፋጡማ ከቤት ወጣች። ክዳኑን ከመሬት አንሥታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ጠርሙሱን ከደነችው። ከአባቷ እጅ ተቀብላ ፀሐይ ያረፈበት ግንብ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ሙሔ ዞረች፤ እስከዚያ ቀን “ጋሼ” ነበር የምትለው።

“አባባ፣ ግቡ እንጂ” አለችው። “ደጅ አይቆሙ።”